«የመሸበት እንግዳ ነኝ»፦ የየጁ መንገድ እንግዶች ታሪክና የእንግድነት አደብ



ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ከፈጅር በፊት መናኸሪያ ይደርሳል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲመሽ ወልድያ ይገባል፤ ከፈለገ ስልኩን አውጥቶ ፔንሲዮን ይይዛል። ገንዘብ ይከፍላል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ያሳደረውን ሰው ስም እንኳ ሳያውቅ ጠዋት ይሄዳል።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚሁ መንገድ ላይ ፔንሲዮን አልነበረም፣ ሆቴልም አልነበረም። ሰው ግን ይጓዝ ነበር። ነጋዴው ጭነቱን፣ ደረሳው ኪታቡን፣ ዘያሪው ዱዓውን ይዞ ከራያ እስከ ቃሉ ይመላለስ ነበር። እነዚህ ሁሉ የት ያድሩ ነበር? ማንስ ያበላቸው ነበር? ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኛ የከተማ ልጆች በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር በእንግድነት ስናድር ልንይዘው የሚገባንን አደብ በዝርዝር እናነሳለን።

ፋርሶች በድንጋይ የሠሩት

የእንግዳ ማደሪያ ሲባል በእስልምናው ዓለም ስሙ የገነነው የፋርሱ ካራቫንሰራይ ነው። ቃሉ ከሁለት የተገጠመ ነው፤ «ካርቫን» ሲራራ፣ «ሰራይ» ደግሞ ትልቅ ቤት ማለት ነው፤ በእኛ አባባል የሲራራ ቤት እንደማለት። ብዙዎቹ አራት ማዕዘን ግቢ አላቸው። ዙሪያቸውን ወፍራም ግንብ፣ አንድ ትልቅ በር፣ መሐል ላይ ሰፊ ሜዳ፣ በግራ በቀኝ የእንግዳ ክፍሎች፣ ከክፍሎቹ ጀርባ የከብት በረት። ውኃ ከጉድጓድ ወይም ከማጠራቀሚያ ይቀዳል። ማታ በሩ ይዘጋል፤ ነጋዴውም ከነግመሉ ያለ ስጋት ያድራል።

የሚሠሩት ሲራራ በአንድ ቀን ሊሄድ የሚችለውን ርቀት እየለኩ ነበር። ሰው ሲደክመውና ግመሉ ሲጠማው ቤቱ ፊቱ ላይ ይቆማል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነገሡት ሻህ አባስ እንዲህ ያለ 999 ቤት አሠሩ ይባላል። ቁጥሩ ለወሬ ማድመቂያ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ማሠራታቸው ግን እውነት ነው። ከቆሙት ውስጥ 54ቱን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ልብ በሉ፤ እነዚህን ቤቶች ያቆማቸው የንጉሥ ገንዘብ ወይም የሀብታም ወቅፍ ነው። እንግዳው የሚያርፈው ለእንግዳ ተብሎ በተሠራ ቤት ነው። የማንም ልጅ ከመኝታው አይነሳለትም፤ የማንም እናት እራቷን አታካፍለውም።

በእኛው የአፍሪካ ቀንድ ሌላ ወግ ነበር። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ በ1331 ገደማ መቅዲሾ ሲደርስ ያየውን ጽፏል። ነጋዴ ከመርከብ ሲወርድ የከተማው ሰው በጀልባ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ እያንዳንዱ ነጋዴ አንድ አስተናጋጅ ይይዛል፣ የሚያድረውም በሰውየው ቤት ነው። የዒልም ሰው ከሆነ ግን ወደ ቃዲው ይወሰዳል። እዚህ ላይ ማደሪያው የሰው መኖሪያ ቤት ነው። የወሎም ወግ ከዚህኛው ጋር ይቀራረባል።

ከወልድያ መርሳ የአንድ ቀን መንገድ

ካርታውን እንየው። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ለሚሄድ፣ ጭነት ለሚነዳ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ማለት ነው። ፋርሶች ግንብ ያቆሙበት ርቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በየጁ ግን በዚህ ርቀት ላይ የቆመው ግንብ አልነበረም፤ የገበሬ ጎጆ ነበር።

ቦታው ራሱ መንገደኛ የሚያበዛ ነው። በምዕራብ በኩል የላስታና የአምባሰል ደጋ፣ በምሥራቅ የአፋር ቆላ፣ በሰሜን ራያ፣ በደቡብ ወደ ሐይቅና ደሴ የሚወስደው መንገድ አለ። የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙት እዚህ መሐል ላይ ነው። ከስሪንቃ እስከ ውርጌሳ ያለው ሰው አፋሩን በግመሉ፣ ደገኛውን በአህያው ሲቀበል ኖሯል። ዛሬም በመርሳ ገበያ ቀን አማርኛውንና አፋርኛውን ጎን ለጎን ትሰማላችሁ።

በዚህ መንገድ ሲመሽበት መንገደኛው ዝም ብሎ ግቢ አይገባም። አጥሩ ዘንድ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ውሻው ይጮኻል፤ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቤት ለእንግዳ!» ከዚያ ውኃ ሞቅ ተደርጎ እግሩ ይታጠባል፤ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከየት መጣህ፣ የት ትሄዳለህ የሚለው ጥያቄ ከጠገበና ካረፈ በኋላ የሚመጣ ነው።

የደረሳው መንገድ

ከመንገደኞቹ ሁሉ ብዙ የተጓዘው ምናልባት ደረሳው ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ዒልም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። አንዱ ሸኽ በፊቅህ ይታወቃል፣ ሌላው በነሕው፣ ሌላው በተፍሲር። ደረሳው ፈኑን እየተከተለ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይሄዳል። አንድ ኪታብ ለማኽተም ዓመት የሚፈጅበትም አለ። እንዲህ እያለ ዓሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ብዙ ነበር።

በደቡብ ወሎ የጀማ ንጉሡ ሙሐመድ ሻፊ፣ በቃሉ የጌታው ሐጂ ቡሽራ፣ በየጁ ደግሞ የዳና ሸኾች የዚህ መንገድ ትልልቅ ማረፊያዎች ነበሩ። ከዳና ስማቸው የሚነሳው ሸኽ አሕመድ ኢብን አደም ናቸው፤ ደረሳው «ዳንዩል አወል»፣ የዳናው ቀዳሚ፣ ይላቸዋል። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ በ2001 ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ የእነዚህን ቦታዎች ነገር ለዓለም ያስተዋወቀ ሥራ ነው።

እስቲ ይህን አስቡት። እነዚህ ቦታዎች ዛሬ እንደምናውቀው የበጀት ዓመት፣ የምግብ አዳራሽ፣ የተማሪ ማደሪያ ሕንፃ አልነበራቸውም። ደረሳው በመስጂዱ ዙሪያ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል፤ የአካባቢው ገበሬ ያበላዋል። የማሽላ እንጀራው፣ ቆሎው፣ እርጎው ከየቤቱ ይመጣል። ደረሳውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በአረምና በአጨዳ ያግዛል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ልጆችን ቁርኣን ያስቀራል፣ ለሞተ ይቀራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ሸኹም ለሐድያ የመጣውን ለደረሳውና ለእንግዳው መልሰው ያወጡታል።

በሌላ አነጋገር የወሎ ዒልም የቆመው በእንግዳ ተቀባይነት ላይ ነው። የገበሬው ቤት ለእንግዳ ባይከፈት ኖሮ ኪታቡ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ባልተሻገረ ነበር። የሸኾቹን ስም እናውቃለን፤ ማመስገናችንም ተገቢ ነው። ለዚያ ደረሳ ጨለማ ሳይገፍ ተነስታ ማሽላ የፈጨችለት እናት ግን ስሟ በየትም አልተጻፈም። የእንግዳ ታሪክ ስንል ግማሹ የእርሷ ታሪክ ነው።

ሦስቱ ቀን

ዲናችን እንግዳን ማክበርን ከኢማን ጋር አያይዞታል። በዛሪያት ሱራ የነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) እንግዶች ታሪክ አለ፤ ማንነታቸውን ሳያጣሩ ጥጃ አቅርበውላቸዋል። ነገር ግን ዲኑ ለአስተናጋጁ ብቻ አልተናገረም። በሐዲሥ እንደመጣው እንግድነት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ ነው። እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቆየት አይፈቀድለትም። በኑር ሱራ ሳያስፈቅዱ ቤት አለመግባትን፣ ተመለሱ ከተባሉም መመለስን ታዘናል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ሚዛን ናቸው። አስተናጋጁ በሩን እንዳይዘጋ ታዘዘ፤ እንግዳውም በሩ እንዲከፈት ያደረገውን ደግነት እንዳያሟጥጥ ታዘዘ። ወሎ ላይ ይህ ወግ ዘመናት የዘለቀው ሁለቱም ስለተጠበቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በወልድያና በሀብሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ ይኖራል፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ሥጋ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ መላ አበጀ። ክርስቲያኑ ሙስሊም እንግዳ ሲመጣበት ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፣ ዕቃውንም ከዚያው ያስመጣል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳው «ይህን አልበላም» ብሎ ከመናገሩ በፊት አስተናጋጁ ያስብለታል። ሌላው ዓለም ስለ መቻቻል ስብሰባ ሲጠራ የኛ እናቶች ግን በድስት ፈትተውታል።

ወጉ የተፈተነባቸው ቀኖች

ታሪክ ስንጽፍ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብናወጣ ውሸት ይሆናል። እንግድነት የፈረሰበትም ጊዜ አለ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ በ1842 ከሸዋ ወደ ጎንደር ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የሚባለው የወሎ ሹም በመጀመሪያ በደህና ተቀብሎት ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ግን ያዘው፣ ንብረቱንም ገፈፈው፤ ሰውየው ባዶ እጁን እስከ ምፅዋ ለመጓዝ ተገደደ። የገፈፈው ሹም ነው። ለቀሪው መንገድ ግን ያለ ገንዘብ የሚጓዘውን ሰው በሕይወት ያቆየው በየመንደሩ ያገኘው የተራ ሰው ደግነት ነው።

ከሹም በላይ ወጉን የፈተነው ረሃብ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ እህሉ ጠፋ። በ1965 እና በ1966 ወሎ እንደገና ተራበች፤ በ1977ም እንዲሁ። ያን ጊዜ ገበሬው ራሱ ቤቱን ጥሎ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ለዘመናት እንግዳ ሲቀበል የኖረ ሰው በከተማ ዳር የሰው እጅ ጠበቀ። ጎተራው ባዶ ሲሆን «ቤት ለእንግዳ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

መንገዱም ነገሩን ለውጦታል። ጣሊያን ከ1928 በኋላ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠራ መርሳና ወልድያ የመኪና ከተማ ሆኑ። የአንድ ቀን የእግር መንገድ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆነ። ሻይ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልቤርጎው ተከተለ። ማደሪያ በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሆነ። ከመንገድ የራቀው ገጠር ግን ወጉን ይዞ ቀረ።

በቅርቡ ደግሞ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ደሴ ተሰደደ። ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞሉ፤ ብዙ ሰው ግን በዘመድና በማያውቀው ሰው ቤት ተጠልሎ ነው ያለፈው። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል ያደረበት ጊዜ ነበር። የማያውቁትን ሰው ማሳደር ያለፈ ዘመን ወግ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አየን።

ዛሬ ለምትሄዱ

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ለዚያራም ሆነ ለጥናት፣ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ወደ ሀብሩ ገጠር የምትሄዱ ካላችሁ እነዚህን ያዙ።

1. ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የምታድሩበትንም ቤት በሚያውቁት ሰው በኩል አስቀድማችሁ አሳውቁ። ስንት እንደሆናችሁም ተናገሩ። ለሁለት ሰው ተዘጋጅታ ስምንት ሰው የሚመጣባት እናት አፍራ እንድትውል አታድርጓት።

2. ከመግሪብ በፊት ድረሱ። ማታ የደረሰ እንግዳ እሳቱን እንደገና ያስነድዳል፤ ውኃም በጨለማ ያስቀዳል።

3. ገንዘብ በአስተናጋጁ እጅ አታስቀምጡ፤ ቅር ሊለው ይችላል። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆቹ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለቤቱ እመቤትም ስጡ። ለሸኹ ሐድያ ካላችሁ ለብቻ በአደብ ይሰጣል።

4. አጥሩ ዘንድ ቆማችሁ ተጣሩ። እስክትፈቀዱ ጠብቁ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፣ በተመራችሁበት ተቀመጡ። ሰላምታውን አታሳጥሩት፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ መጠየቅ ሰላምታ ነው። ታላላቆቹን እርስዎ በሉ፤ ወንዱን «አያ»፣ እናቲቱን «እማማ» ብሎ መጥራት ያቀራርባል።

5. ውኃ ቆጥቡ። መርሳ ቆላ ቀመስ ናት፣ ይሞቃል። የዉዱእ ውኃችሁን ምናልባት አንዲት ልጅ ከሩቅ ተሸክማው ይሆናል። ውኃ መቆጠብ በዉዱእም ሱና ነው።

6. ምግብ ሲቀርብ ብዛቱን አትዩ፤ ለእናንተ የቀረበው የቤቱ ሁሉ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ቅመሱ፣ አመስግኑ፣ ለልጆቹ የሚተርፍ ተዉ። ሳህን አሟጦ መጥረግ በከተማ አድናቆት ቢሆንም በዚያ ቤት ግን ሕፃን ጦሙን ሊያሳድር ይችላል።

7. ቡናው ሦስት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዱዓው የሚደረገው እዚያው ነው። በረካውን ሳትጠጡ አትነሱ። የሚያስቸኩላችሁ ነገር ካለ አስቀድማችሁ ተናግራችሁ አስመርቁ። ጫት ቀርቦ የማትቅሙ ከሆነ «አፉ በሉኝ፣ አልለመድኩም» ማለት ይበቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልግም።

8. በሐድራ፣ በመውሊድና በዚያራ ጉዳይ በመሐላችን የተለያየ አቋም እንዳለ እናውቃለን። የተጋበዛችሁበት ቤት የክርክር መድረክ አይደለም። የማታምኑበት ሥርዓት ሲጀመር ቀስ ብላችሁ ገለል ማለት ትችላላችሁ። ያጎረሳችሁን ሽማግሌ በቤቱ፣ በልጆቹ ፊት ማረም ግን ከአደብም ከዒልምም አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ ሸኹን ለብቻቸው ጠይቁ።

9. ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ ሴቶችን በተለይ። ያነሳችሁትንም በማኅበራዊ ሚዲያ ለመለጠፍ ሌላ ፈቃድ ጠይቁ።

10. የድሮ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ካሳዩአችሁ በደረቅና ንጹህ እጅ ያዙ፣ በፍላሽ አታንሱ። «ልግዛው» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ያ ኪታብ የደረሳው ሁሉ አማና ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ 209/1992 የተከለከለ ነው።

11. ወንዶች እንጨት ፍለጡ፣ ውኃ ቅዱ፤ እህቶች ጓዳ ገብታችሁ አግዙ። «ተቀመጡ፣ እንግዳ ናችሁ» ትባላላችሁ። አንድ ጊዜ ሲሏችሁ አትቀመጡ።

12. ከሦስተኛው ቀን በፊት ተነሱ። አስፈቅዳችሁ፣ ተመርቃችሁ ውጡ። ስትገቡ ደውላችሁ «በሰላም ገባን» በሉ። ያሳደሯችሁ ሰዎች እስከዚያ ያስባሉ።

የማን ተራ ነው?

አንድ ነገር ቀርቶናል። እንግድነት የዞረ ብድር ነው። የሀብሩ ገበሬ ደረሳውን ሲያሳድር የእርሱም ልጅ ነገ ሌላ አገር እንደሚመሽበት ያውቅ ነበር።

የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ዛሬ የት ነው? ብዙዎቹ ከተማ ውስጥ ናቸው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በመርሳና በወልድያ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሦስትና አራት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ እንጀራውን ከቤት በሳምንት አንድ ቀን ተሸክመው ያመጣሉ፤ ሐሙስ ዓርብ ሲሆን ይደርቃል፣ ያልቃል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ሞልቶበታል። የዘመኑ ደረሳ ይህ ነው። ኪታቡ ፊዚክስና ሒሳብ ስለሆነ እንግድነቱ አይቀርም።

እኛ የከተማ ሙስሊም ወጣቶች ዳና ሄደን የአባቶቻችንን መስተንግዶ በልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ «ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው» ብለን ከለጠፍን በኋላ ለዚያ ተማሪ በራችን ከተዘጋ ብድሩ አልተመለሰም። በየመስጂዳችን ጀመዓ ከጁሙዓ በኋላ ተነጋግረን፣ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ቀን አንድ ተማሪ እራት ቢያበላ ሕንፃም በጀትም አያስፈልገውም። ወሎ ላይ ዒልም የቆመው እንደዚህ ነበር።

ፋርሶች ለእንግዳ የሠሩት ግንብ ባለቤቱ ካለፈም በኋላ በድንጋይነቱ ቆሟል። የኛ አባቶችና እናቶች የሠሩት ግን በሰው ላይ የተሠራ ነው፤ ተቀባይ ሰው ከጠፋ ፍርስራሹ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ማታ በር ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ብንሰማ መልሱ የታወቀ ይሁን።

አላህ ቤታችንን የእንግዳ ቤት፣ ማዕዳችንንም የበረካ ያድርግልን። ያሳደሩንን ይመንዳልን፤ ያለፉትን ይዘንላቸው። አሚን።